የመኪና ማቆሚያ ወለልን ኤፖክሲ መቀባት፦ በራስ ወይስ በኮንትራክተር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በግቢዬ ውስጥ 3.5 በ6 ሜትር የሆነ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ አለኝ። ቤቱ ከተሠራ 8 ዓመት ሆኖታል። ሊሾው በጠረግነው ቁጥር አቧራ ይሰጣል፤ መኪናው የሚቆምበት ቦታ ዘይት ጠጥቷል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል። አንድ ኮንትራክተር በሁለት ቀን ኤፖክሲ አልብሼ በ5 ዓመት ዋስትና አስረክባለሁ ብሎኛል። የባለቤቴ ወንድም ግን ባለ 4 ሊትር ኤፖክሲ ቀለምና አንድ ሮለር ተገዝቶ ቅዳሜና እሑድ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ዘይቱም በአሲድ ይለቃል፣ እርጥበቱንም ኤፖክሲው ራሱ ያፍነዋል ይላል። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ ኮንትራክተሩም የባለቤትዎ ወንድምም የተናገሩት ስለሚቀባው ነገር ነው፤ ስለሚቀባበት ወለል የጠየቀ የለም። እርስዎ ግን ዋናውን ነገር ራስዎ ጽፈውታል፦ አቧራው፣ ዘይቱና ነጩ ዱቄት። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መንስኤያቸውም መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ኤፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክረው የወለል ሽፋን፣ ከሦስቱ አንዱንም አያድንም፤ ለጥቂት ወራት ይሸፍናቸዋል፣ ከዚያም ይላጣል። ስለዚህ «ልቀባ ወይስ ላስቀባ» የሚለውን ጥቂት አቆይተን ወለሉን እንመልከት።

ከአቧራው እንጀምር። በከተሞቻችን የተለመደው የቤት ወለል ገረጋንቲ ተጠቅጥቆ፣ በላዩ ድንጋይ ተደርድሮ፣ ወደ 10 ሴንቲሜትር የሚሆን ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሊሾ የሚለብስ ነው። ኤፖክሲው የሚጣበቀው ታዲያ ከኮንክሪቱ ጋር ሳይሆን ከሊሾው ጋር ነው። ሊሾ ሲሠራ ለማለስለስ እንዲመች ውሃ ከበዛበት፣ ሲሚንቶው ከሳሳ፣ ወይም በቂ ቀን ውሃ ሳይጠጣ በፀሐይና በነፋስ ከደረቀ የላይኛው ገጹ ድኩም ይሆናል። አንዳንድ ግንበኞች ደግሞ እንዲያብረቀርቅ ሲሉ በእርጥቡ ሊሾ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሰው ያሹታል፤ ይህም ከሥሩ ካለው ጋር በደንብ ያልተዋሐደ ስስ ቅርፊት ይፈጥራል። በጠረጉ ቁጥር የሚነሣው አቧራ በአብዛኛው ከመንገድ የገባ አይደለም፤ ሊሾው ራሱ እየተፋቀ የሚወጣ ነው።

ይህ ለኤፖክሲ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ያየሁት ነገር ያስረዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በሐዋሳ የአንድ መጋዘን ባለቤት «ቀለሙ የውሸት ነው፣ ተላጠብኝ» ብሎ አስጠራኝ። በሩ አጠገብ ተንበርክኬ ጥፍሬን ከጠርዙ ሥር ባስገባ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ እንደ ድርቆሽ ቀጭ ብሎ ተነሣ። ገልብጬ ጀርባውን ሳሳየው ከዳር እስከ ዳር ግራጫ የሊሾ ቅርፊት ይዞ ነበር። ቀለሙ የያዘውን አልለቀቀም፤ የለቀቀው ሊሾው ነው። በዚያ ደካማ ገጽ ላይ ውድ የሆነ ቀለም ቢቀባ የበለጠ ጠንክሮ ይይዝና የበለጠ ቅርፊት ይዞ ይነሣ ነበር። የወለል ሽፋን አምራቾች በአብዛኛው የሚጠይቁት ወለሉ ወደ ላይ ሲጎተት ቢያንስ 1.5 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር እንዲችል፣ ሲጨመቅ ደግሞ 25 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር እንዲሸከም ነው። ይህንን በትክክል የሚለካው መሣሪያ በየቤቱ አይገኝም፤ ይሁን እንጂ የቤት ቁልፍ ይዘው ሊሾውን ጠበቅ አድርገው ቢጭሩት ብዙ ይነግርዎታል። ነጭ ጭረት ብቻ ከቀረ ገጹ ደህና ነው፤ ቁልፉ ቦይ እየቆፈረ ዱቄት ካወጣ ግን እስከ ጤነኛው ድረስ መፋቅ አለበት። በመቀጠል በመዶሻ እጀታ ወለሉን በየሁለት ስንዝሩ ይምቱ። ጥጥር ያለ ድምፅ የሚሰጠው ከኮንክሪቱ ጋር ተያይዟል፤ እንደ ባዶ ጀሪካን የሚጮኸው ግን ከሥሩ ለቋል፤ እሱ ተነሥቶ እንደገና መሠራት ይኖርበታል። የለቀቀውን ክፍል በጠመኔ እየከበቡ ይሂዱ፤ ያ የጠመኔ ምልክት በኋላ ከማንኛውም ሠራተኛ ጋር ሲነጋገሩ ዋና ማስረጃዎ ይሆናል።

ወደ ነጩ ዱቄት ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። ያ ዱቄት ውሃ በሊሾው ውስጥ ሲያልፍ ሟሙቶ የወሰደውና ውሃው ገጹ ላይ ሲተን ጥሎት የሄደ ጨው ነው። ስለዚህ ከሥር ወይም ከግድግዳው ውሃ እየተሳበ እንደሚወጣ የማያጠራጥር ምስክር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃን የመሰሉ ገባሮች እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ በዝናብ ወራት ውሃው ከፍ ሲል በዳርቻው ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃም ወደ ወለል ይቀርባል። ከወለሉ ሥር ላስቲክ ካልተነጠፈ፣ ወይም የተደረደረው ድንጋይ መሐል በአፈር ከተሞላ፣ እርጥበቱ ክር ዘይትን እንደሚስብ ሆኖ ወደ ላይ ይሳባል። እስካሁን ጉዳት ያላዩት ሊሾው ስለሚተነፍስ ነው፤ የመጣው ውሃ ሁሉ ወደ አየር ይሄዳል።

የባለቤትዎ ወንድም «ያፍነዋል» ያለው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ኤፖክሲ እርጥበትን በእርግጥ ያፍናል፤ ችግሩም ይኸው ነው። መውጫ ያጣው ውሃ ከሽፋኑ ሥር ይጠራቀማል፤ የያዘው ጨው ተጨማሪ ውሃ ይስባል፤ ግፊቱ ሲበረታ ሽፋኑ እንደ ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል፤ የመኪና ጎማ ሲረግጠው ይፈነዳል። ከውጭ የሚመጣን ውሃ መከልከልና ከጀርባ የሚገፋን ውሃ መቋቋም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተራው ኤፖክሲ የተሠራው ለመጀመሪያው ነው።

ነገር ግን ሐይቁን ከመክሰስዎ በፊት ቀረብ ያሉትን ይመርምሩ። ዱቄቱ የሚወጣው በጓሮው ግድግዳ ሥር ብቻ ከሆነ መንስኤው የከርሰ ምድር ውሃ ላይሆን ይችላል። ከግድግዳው ጀርባ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አለ? የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የሚያፈሰው ግድግዳው ሥር ነው? የውሃ ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስስ ወዴት ይሄዳል? የፍሳሽ ጉድጓዱስ በየት በኩል ነው? የውስጥ መስመር ማንጠባጠቡን ለማወቅ ማታ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይያዙና ጠዋት ያነጻጽሩ። ያየኋቸው የዚህ ዓይነት ቅሬታዎች ጥቂት የማይባሉት ያለቁት አሸንዳ ተጠግኖ፣ ከግድግዳው ውጭ ያለው መሬት ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ ነው።

ቀጥሎ የላስቲክ ፈተናውን ይሥሩ። ጎንና ጎኑ ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ቆርጠው በተጠረገ ደረቅ ወለል ላይ ያንጥፉና አራቱንም ጠርዝ አየር በማያስገባ ፕላስተር ያሽጉ። ቢያንስ ለ16 ሰዓት፣ ቢቻል ለአንድ ሙሉ ቀን ይተዉት። ሲያነሡት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ከአካባቢው ጠቆር ካለ ወለሉ እርጥብ ነው። አንድ ላስቲክ አይበቃም፤ ለእርስዎ ወለል አንዱን በሩ አጠገብ፣ አንዱን መሐል፣ ሁለቱን ደግሞ በጓሮው ግድግዳ ሥር አድርጉ ባይ ነኝ። የፈተናው ድክመት ግልጽ ነው፦ የሚነግርዎት የዚያን ሰሞን ሁኔታ ብቻ ነው። በጥር የደረቀ ወለል በነሐሴ ሊያልብ ይችላልና አንድ ጊዜ ዝናቡ ሲበረታ፣ አንድ ጊዜ በበጋው መሐል መፈተን ያስፈልጋል። መለኪያ ያለው ባለሙያ ከመጣ አብዛኞቹ የኤፖክሲ ዓይነቶች የሚፈቅዱት የወለል እርጥበት በክብደት ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ መሆኑን ይወቁ።

ስለ ዘይቱና ስለ አሲዱ ደግሞ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። አሲድ ዘይት አያስለቅቅም። አሲድ የሚበላው የሲሚንቶውን ኖራማ ክፍል ነው፤ ዘይት የጠጣው ቦታ ላይ ሲፈስስ እንዲያውም ዘይቱ ስለሚከላከለው ሳይነካው ያልፋል፣ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ሊሾ ግን ይበላል። በዚያ ላይ አሲዱን ለማጥራት ወለሉ በብዙ ውሃ መታጠብ ስላለበት እርጥበቱን እንዲቀንስ የፈለጉት ወለል ተጨማሪ ውሃ ይጠጣል፤ በደንብ ያልታጠበ የአሲድ ቅሪት ደግሞ ሽፋኑን ከሥሩ ያላቅቃል። ከሁሉ የሚከፋው አደጋው ነው። የወለል ማጠቢያ አሲድ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ይህ ሳንባ የሚያቃጥል፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ የሚችል ነገር ነው። «ሁለቱ ሲደባለቁ ይበልጥ ያጸዳል» የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉት።

ዘይት የሚወጣው በሳሙና ነው። አዲስ የፈሰሰ ከሆነ ሰጋቱራ ነስንሰው እንዲጠጣው ይተዉና ይጥረጉ። የቆየውን በጠንካራ የዘይት ማስለቀቂያ ሳሙናና በሙቅ ውሃ በሻካራ ብሩሽ ፈትገው፣ ቆሻሻውን ውሃ ወደ ወለሉ ተመልሶ ሳይሰርግ በጨርቅ ያንሡ፤ ይህንን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙ። ውጤቱን በጠብታ ውሃ ይፈትኑ፦ ውሃው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሰረገና ቦታው ከጠቆረ ወለሉ ቀለም ለመቀበል ዝግጁ ነው፤ እንደ ኮባ ቅጠል ላይ እንዳለ ጠብታ ከተንከባለለ ግን ዘይቱ አልወጣም። ከሦስተኛ እጥበት በኋላም ከተንከባለለ ያንን ክፍል በስካርፔሎ አንሥቶ በአዲስ ሊሾ መሙላት ይቀላል፤ አዲሱ ሊሾ ከመቀባቱ በፊት ግን በተለምዶ 28 ቀን ይጠበቃል።

አሁን ወደ ባለ 4 ሊትሩ ጣሳ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ወለልዎ 21 ካሬ ሜትር ነው። ከቀለሙ ግማሹ የሚተን ፈሳሽ ከሆነ ከ4 ሊትሩ ወለሉ ላይ የሚቀረው 2 ሊትር ነው፤ ያ በ21 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፤ ይህም የአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ያህል ማለት ነው። ለእግር መንገድ ይበቃ ይሆናል፤ ለመኪና ግን አይበቃም። መኪና ከመንገድ ሲገባ ጎማው ሞቆ ነው የሚቆመው፤ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ቀለሙን ይስባል፣ ከጎማውም የሚወጣው ማለስለሻ ኬሚካል ስሱን ሽፋን ያለሰልሰዋል፤ ጠዋት መኪናው ሲንቀሳቀስ አራት የጎማ ቅርጽ ያለው ሊሾ ይቀራል። የሚተን ፈሳሽ የሌለበት ኤፖክሲ ሲሆን 0.3 ሚሊሜትር ለማልበስ 6.3 ሊትር፣ ከብክነቱ ጋር 7 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ኮንትራክተሮች «ራሱ የሚተኛ» የሚሉት፣ ሲፈስስ በራሱ ተዘርግቶ የሚስተካከለው ባለ 2 ሚሊሜትር ሽፋን ደግሞ ወደ 42 ሊትር ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «ኤፖክሲ» ሲሉ ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ ላይሆን ይችላል፤ የዋጋው ልዩነት ግማሽ ምሥጢርም እዚህ ላይ ነው። የኮንትራክተሩን ዋጋ ከጣሳው ዋጋ ጋር ከማነጻጸርዎ በፊት ስንት ሚሊሜትር እንደሚያለብስልዎ ይጠይቁት።

ራስን ችሎ መሥራት ይቻላል ወይ? መቀባቱ ይቻላል። ሮለር መግፋት የሚያስቸግር ጥበብ አይደለም። አስቸጋሪው ከዚያ በፊት ያለው መፋቅ ነው፤ ኤፖክሲ በለሰለሰ ሊሾ ላይ አይይዝም፣ ገጹ መካከለኛ የብርጭቆ ወረቀት እስኪመስል ድረስ መከርከር አለበት። ይህንን በእጅ ግራይንደርና በዳይመንድ ዲስክ 21 ካሬ ሜትር ሙሉ ለመሥራት የሞከረ ሰው ወገቡ ለሳምንት ሲያስታውሰው ይኖራል፤ ውጤቱም ወጣ ገባ ይሆናል፣ ኤፖክሲ ሲያንጸባርቅ ደግሞ እያንዳንዱን የዲስክ ግማሽ ክብ አጉልቶ ያሳያል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ አቧራው ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚነሣው ደቃቅ የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይፈጥራል፤ የተጎዳው ሳንባም ወደነበረበት አይመለስም። አፍ ላይ የሚታሰር ነጠላ ወይም የጨርቅ ጭምብል አያስቀረውም። አቧራ የሚስብ ቫኪዩም የተገጠመለት ማሽንና ለደቃቅ አቧራ የተሠራ ጭምብል ያስፈልጋል።

መፋቁን ለሌላ ሰጥተው መቀባቱን ራስዎ ከያዙ ደግሞ ሊጠነቀቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ኤፖክሲ እንደ ዘይት ቀለም እየደረቀ የሚጠነክር አይደለም፤ ሁለት ፈሳሾች ሲገናኙ በሚፈጠር ኬሚካላዊ ለውጥ ይጠነክራል። ስለዚህ «ማጠንከሪያው በዛ ካለ ቶሎ ይደርቃል» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ጣሳው ላይ ከተጻፈው ልክ ሲወጣ ከፊሉ ፈሳሽ ሳይያያዝ ይቀርና ወለሉ ለዘለዓለም እንደ ማር ይጣበቃል። በዝግታ በሚዞር ድሪል ለ3 ደቂቃ ያህል ይበጥብጡ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ባልዲ ገልብጠው እንደገና ይበጥብጡ፣ በመጀመሪያው ባልዲ ጎንና ሥር ሳይደባለቅ የቀረ ፈሳሽ አይጠፋምና። ከተበጠበጠ በኋላ በ20 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ይኖርዎታል፤ ሙቀቱ 30 ሲደርስ ያ ጊዜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ባልዲው ውስጥ ተከማችቶ ሲቆይ ደግሞ ራሱን እያሞቀ ይፈጥናል፤ ጭስ እስኪያወጣ ድረስ የሞቀ ባልዲ አይቻለሁ። በትንሽ በትንሹ በጥብጠው ወዲያው ወለሉ ላይ ያፍስሱት፤ አንድ ሰው እየበጠበጠ ሌላው ይቀባ።

ሰዓቱም ሥራውን ያበላሻል። ብዙ ሰው ፀሐይ ሲወጣ በጠዋት ይጀምራል። ወለሉ እየሞቀ ሲሄድ በሊሾው ቀዳዳዎች ያለው አየር ይለጠጥና እርጥቡን ቀለም እየበሳ ይወጣል፤ ሲደርቅ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። ፕራይመሩን፣ ማለትም ከዋናው ሽፋን በፊት የሚቀባውን የመጀመሪያ ቅብ፣ ወለሉ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ መቀባት ይሻላል። በሌላ በኩል ሌሊቱ ቀዝቅዞ ያልጠነከረው ኤፖክሲ ላይ ጤዛ ካረፈ ገጹ ሰም የተቀባ መስሎ ይደበዝዛል፤ በዚያ ላይ የሚጨመር ሁለተኛ ሽፋንም አይይዝም። ስለዚህ የወለሉ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ እንዲበልጥ ያስፈልጋል። ዝናብ የጣለበት ቀን ይለፍዎት። ማታ ደግሞ አምፖሉን ያጥፉ፤ ሐይቅ ዳር ያለ ሰው ትንኝ በብርሃን ምን ያህል እንደሚሰበሰብ ያውቃል፣ ጠዋት አንድ በአንድ ከኤፖክሲ ውስጥ ማውጣት አይቻልም።

ማጠንከሪያው ቆዳ ላይ ሲያርፍ አለርጂ ያስይዛል፤ አንዴ የያዘው ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ሲነካው እንኳን ያሳክከዋል። ጓንት ያድርጉ፤ እጅዎን በቲነር አይታጠቡ፣ ቲነር ኬሚካሉን ወደ ቆዳ ውስጥ ያስገባዋልና በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ። ቲነር ያለበት ቀለም ከመረጡ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ እየተሳበ ይሄዳል፣ እሳት ካገኘም ይቀጣጠላል። በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና አይፈላም፣ ዕጣን አይጨስም፣ ጄኔሬተር አይነሣም፤ የጋራዡ በርም ክፍት ይሁን።

ኮንትራክተሩን በተመለከተ «ሁለት ቀን» ማለቱ ብቻውን አታላይ አያደርገውም፤ አንድ ቀን ፍቆ ፕራይመር፣ በማግሥቱ ሽፋን ሊቀባ ይችላል። ይሁን እንጂ የዘይት እጥበቱና ማድረቂያው፣ የለቀቀ ሊሾ ጥገናውና የእርጥበት ምርመራው በሁለት ቀን ውስጥ የሉም። ዋስትናውን ደግሞ ሳይደሰቱ ያንብቡት። በአብዛኛው «ከወለሉ ሥር በሚመጣ እርጥበት ለሚደርስ ጉዳት አይመለከተንም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኝበታል። የእርስዎ ወለል የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ይኸው ስለሆነ ያ ዋስትና ለእርስዎ ባዶ ወረቀት ነው። በምን ማሽን እንደሚፍቅ፣ እርጥበቱን በምን ለክቶ ስንት እንዳገኘ፣ የምርቱን ስምና የሚያለብሰውን ውፍረት በሚሊሜትር በጽሑፍ ይስጥዎ። ክፍያውንም በደረጃ ይከፋፍሉት፤ ከመፋቁ በኋላ፣ ፕራይመር ከመፍሰሱ በፊት፣ እርስዎ ራስዎ በቁልፍዎ ጭረው አይተው ነው ሁለተኛው ክፍያ የሚሰጠው። «እኛ በአሲድ ነው የምናጥበው፣ ማሽን አያስፈልግም» ካለዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ ላንሣ። አቧራውን ብቻ ለማስቆም ከሆነ ሊሾውን የሚያጠነክር የሲሊኬት ፈሳሽ አለ፤ እርጥበትን አያፍንም፣ አይላጥም፣ ነገር ግን ውበት አይጨምርም፣ ዘይትንም ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ ፈጽሞ የለቀቀ ሊሾንም አያድንም። የማያንሸራትት ወፍራም ሴራሚክ ሥሩ ባዶ ሳይቀር በሲሚንቶ ሙርታር ከተነጠፈ መኪና ይሸከማል፤ እርጥበቱም በመገጣጠሚያዎቹ ይተነፍሳል። ለእርጥብ ወለል ተብሎ የተሠራ ሲሚንቶ የተቀላቀለበት ባለ ሦስት ክፍል ኤፖክሲም አለ፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚለብስና ለጊዜው እርጥበቱን የሚገታ ነው፤ ይህ ግን በልኬትና በልምድ የሚሠራ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ለእርስዎ ቤት የምመክረው የሚከተለውን ነው። ዘንድሮ ክረምት ምንም አይቀቡ። አሸንዳውንና ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ውሃ ያስተካክሉ፤ ዝናቡ ሳያባራ የመጀመሪያውን፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር ሁለተኛውን የላስቲክ ፈተና ይሥሩ። የበሩና የመሐሉ ላስቲክ በሁለቱም ጊዜ ደርቆ ከተገኘ፣ የጓሮው ብቻ ጤዛ ከያዘ፣ ወለሉን እንደ አንድ ወለል አይቁጠሩት፤ ከጓሮው ግድግዳ 1 ሜትር ያህሉን በግራይንደር ቀጥ ባለ መስመር አስቆርጠው ለይተው ሴራሚክ ያስነጥፉበት፣ ጎማ አይደርስበትምና። የቀረውን 17.5 ካሬ ሜትር ማሽን ላለው ሰው ለመፋቅ ብቻ ይስጡ። ፕራይመሩንና በ0.3 ሚሊሜትር ልክ የሚለብሰውን ሽፋን እርስዎና የባለቤትዎ ወንድም ራሳችሁ ቅቡት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በኋላ በጣሳው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ፣ በአብዛኛው ከ24 ሰዓት ብዙም ሳይዘገይ ይከተል፣ ከዘገየ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ አለበት። ዝናብ በሚያረጥበው የበሩ ክፍል በመጨረሻው እርጥብ ሽፋን ላይ ደረቅና የተነፋ አሸዋ ስስ አድርጋችሁ ነስንሱበት፣ አለዚያ ያንሸራትታል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው የበር አካባቢ ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫነት እንደሚያደላ አስቀድመው ይወቁት፤ ግራጫ ቀለም ይህንን ከነጭ ይልቅ ይሸሽጋል። በማግሥቱ መራመድ ይቻላል፤ መኪናው ግን 7 ቀን ሙሉ ውጭ ይደር።

በመሐልና በበሩ ያሉት ላስቲኮችም ጤዛ ከያዙ፣ ወይም በመዶሻ ሲመቱት ከወለሉ ግማሽ ያህሉ እንደ ባዶ ጀሪካን ከጮኸ፣ ማንም በምንም ዋስትና ኤፖክሲ ልቀባልዎ ቢል እንዳይቀበሉ። የለቀቀውን ሊሾ አስነሥተው ሙሉውን ሴራሚክ ያስነጥፉ፤ ለኤፖክሲ የያዙት ገንዘብም ለዚሁ ይዋል።